ለውሻ ሕክምና ገንዘብ ማውጣት ይገባልን?

ውሻ ያለው ሰው ውሻው ቢታመምበትና ወደ ሐኪም ቢወስደው፣ ከጎረቤት አስቀድሞ የሚሰማው ቃል «እግዜር ይማርልህ» የሚል አይደለም፡፡ «ሰው የሚበላው አጥቶ ለውሻ ገንዘብ ይከፈላል?» የሚል ነው፡፡ ይህንንም የሚናገሩት ሁሉ ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ እኔ ከሰማኋቸው አንዱ ለድኻ እጃቸው የማይታጠፍ፣ በሰፈራችን የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፡፡ ስለዚህ ቃላቸውን በንቀት ማለፍ ተገቢ መስሎ አልታየኝም፡፡ ባለፈው ዓመት በቤታችን የደረሰውን ነገር መነሻ አድርጌ፣ የበኩሌን አስተያየት ለመምህራኖቼ፣ ለወላጆችና ለጓደኞቼ አቀርባለሁ፡፡

መከታ የምንለው ውሻ ነበረን፡፡ ዘሩ ያገር ውሻ ነው፤ ቁመቱም መልኩም የሚያስመካ አልነበረም፡፡ እኔ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ በካርቶን ተደርጎ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ሌሊቱን በአጥራችን ዙሪያ ሲዞር ያድር ነበር፡፡ ቀን ቀን ደግሞ ከትምህርት ቤት እስክመለስ ድረስ ከበሩ ሥር ተኝቶ ይጠብቀኛል፡፡

በግንቦት ወር 2017 ዓ.ም. አንድ ቀን ማለዳ አባቴ በር ሊከፍቱ ሲወጡ መከታን ከአጥሩ ሥር ወድቆ አገኙት፡፡ አፉ አረፋ ይደፍቃል፤ ዓይኑ ያነባል፤ ገላው ሁሉ ይንዘፈዘፋል፤ የዓይኑ ብሌን እጅግ ጠብባ የመርፌ ቀዳዳ አክላለች፡፡ በአጠገቡ ተበልቶ የተረፈ ሥጋ ነበረ፤ ሽታውም የተባይ ማጥፊያ ሽታ ነበር፡፡ ማን እንደ ጣለው እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ እኔም ማንንም አልጠረጥርም፡፡

የተሰበሰበው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን መድኃኒት ይናገር ጀመር፡፡ አንዱ ወተት ጋቱት ይላል፤ ሌላው ዘይት፤ ሌላው ጥሬ እንቁላል፡፡ እናቴ ግን ማንም ወደ አፉ ምንም እንዳያቀርብ ከለከሉ፤ የተረፈውንም ሥጋ በላስቲክ ጠቅልለው ያዙ፡፡ በኋላ ሐኪሟ ይህን እጅግ አመሰገኑ፡፡ የሚንቀጠቀጥ ውሻ መዋጥ ስለማይችል የሚጋተው ወተት ወደ ሳንባው ይገባልና፤ ሥጋው ደግሞ መርዙ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ለመገመት ረድቷቸዋል፡፡ ታክሲ ማግኘቱ ግን ቀላል አልሆነም፡፡ ሁለት ሾፌሮች «ውሻ አንጭንም» ብለው ሄዱ፤ ሦስተኛው ዋጋውን እጥፍ አድርጎ ጫነን፡፡

ሐኪሟ ነገሩን እንዲህ ሲሉ አስረዱን፡፡ በሰውም ሆነ በውሻ ገላ ውስጥ ነርቭ ጡንቻን «ተንቀሳቀስ»፣ የምራቅ ዕጢን «አመንጭ» ብሎ የሚያዝበት አሴቲልኮሊን የሚባል ነገር አለ፡፡ ትእዛዙ ከተፈጸመ በኋላ ይህን የሚያፈርስ ደግሞ ሌላ አለ፡፡ ማላታይንን የመሰሉ የተባይ መርዞች ይህን አፍራሽ ያስሩታል፡፡ በዚህ ጊዜ ትእዛዙ ሳይቋረጥ ይጎርፋል፤ ምራቅ አይቆምም፤ ሳንባ በፈሳሽ ይሞላል፤ ጡንቻም እስኪዝል ድረስ ይንቀጠቀጣል፡፡ አትሮፒን የሚባለው መርፌ ምራቁንና የሳንባውን ፈሳሽ ያቆማል፤ የጡንቻውን መዛል ግን አያድንም፤ ስለዚህ በሽተኛው ቀንና ሌሊት ሊጠበቅ ያስፈልጋል፡፡ (በየሜዳው የሚበቅለው አስተናግር የሚባለው ተክል ይህንኑ አትሮፒን በውስጡ ይዟል፡፡ ይሁን እንጂ ራሱ መርዝ ስለ ሆነና መጠኑም ስለማይታወቅ፣ ማንም ጓደኛዬ ቅጠል ቀጥቅጦ ሐኪም እሆናለሁ እንዳይል አደራ እላለሁ፡፡)

እንግዲህ የዋጋው ነገር መጣ፡፡ መርፌው ራሱ ብዙ አልነበረም፤ ውድ የሆነው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ፣ የአዳሩና የጠባቂው ዋጋ ነው፡፡ የመጀመሪያው ቀን ሒሳብ ብቻ የአባቴን የወር ደመወዝ ሲሶ ያህላል፡፡ በቤት የነበረውም ገንዘብ ክረምቱ ሳይገባ ለጣራችን አዲስ ቆርቆሮ ሊገዛበት የተቀመጠ ነበር፡፡

ያን ዕለት ማታ በቤታችን ምክር ተደረገ፡፡ እናቴ ጣራው ይቅደም አሉ፤ ቀድሞ በዝናብ የተበላሸውን ፍራሽና የታናሽ ወንድሜን ሳል አነሡ፡፡ ይህ የጭካኔ ቃል እንዳልሆነ እኔም ዐውቃለሁ፡፡ አባቴ ዝም አሉ፡፡ በመጨረሻ አያቴ «ይህ ውሻ ሰባት ዓመት ሌሊት ሲሠራ ደመወዝ የጠየቃችሁ አይደለም፤ አሁን ክፈሉት» አሉ፡፡ አባቴም በወረቀት ላይ ቢያሰሉት፣ የሦስት ቀን ሕክምና አንድ የሌሊት ዘበኛ በሁለት ወር ከሚያገኘው የሚያንስ ሆኖ ተገኘ፡፡ ስለዚህ ሦስት ቀን እንከፍላለን፤ ከሦስት ቀን በኋላ ሐኪሟ ተስፋ የለውም ካሉ ግን ሥቃዩን እናሳጥርለታለን ተብሎ ተወሰነ፡፡

በሁለተኛው ቀን መከታ ጭራውን ነቀነቀ፤ እኔም የዳነ መሰለኝ፡፡ በሦስተኛው ቀን አንገቱን ማንሣት አቃተው፤ ትንፋሹም አጠረ፡፡ ይህ መርዝ አንዳንድ ጊዜ የመጀመሪያው ምልክት ካለፈ በኋላ ተመልሶ የመተንፈሻ ጡንቻዎችን እንደሚያደክም ሐኪሟ ነገሩን፤ የሚያስተነፍስ መሣሪያ ግን በዚያ አልነበረም፡፡ አባቴ ወረቀቱን ፈረሙ፤ እኔ ራሱን ይዤለት ሳለሁ የመጨረሻው መርፌ ተሰጠው፡፡

«አየህ፣ ገንዘቡም ሄደ፤ ውሻውም ሄደ» አሉኝ እኚያው ሽማግሌ፡፡ እኔ ግን አሳባቸውን ልቀበል አልቻልሁም፡፡ ስለ ድኻው ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ጥያቄ ለሠርግ ድንኳን ወይም ለትልቅ ቴሌቪዥን ስንከፍል የሚያነሣብን ሰው አላየሁም፤ የሚነሣው የውሻ ስም ሲጠራ ብቻ ነው፡፡ ደግሞም ለመከታ የተከፈለው ምጽዋት አይደለም፡፡ ምጽዋት ብንሰጥም ባንሰጥም በእጃችን ያለ ነገር ነው፤ ያሠሩትን ሠራተኛ በታመመ ጊዜ ወደ ውጭ መጣል ግን ሌላ ስም አለው፡፡ ውሻው መሞቱም ዕዳውን ሐሰት አያደርገውም፡፡ ሐኪም ቤት ሄዶ የሞተ ዘመድ ያለው ሰው ይህን ሳልነግረው ያውቀዋል፡፡

በሌላ በኩል አንድ የክፍል ጓደኛዬ «አባትህ ለገንዘብ ሲሉ ገደሉት፤ ነፍስ ዋጋ የላትም» ብሎ ተቆጣኝ፡፡ ይህም አሳብ ከሩቅ ሲያዩት ያማረ ነው፡፡ በቅርብ ግን ጣራው በሚያፈስ ቤት የሚያድር ሕፃን አለ፤ መተንፈስ ያቃተው ውሻም አለ፡፡ ወሰኑ አስቀድሞ በጸጥታ ሳይቆረጥ ቢቀር፣ ውሻው ለእኛ ልቅሶ ሲባል ሌላ ሌሊት ይሠቃይ ነበር፡፡ እኔ አባቴን በዚህ ነገር አከብራቸዋለሁ፡፡

ስለ ዋጋው መወደድ ሐኪሞችን የሚያማም አለ፡፡ የእንስሳት ሕክምና ግን ከመነሻው የተደራጀው ለከብት ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1761 በፈረንሳይ አገር በልዮን ከተማ የመጀመሪያው የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤት የተቋቋመው የከብት እልቂት አስጨንቆ ስለ ነበረ ነው፡፡ በአገራችንም ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው በክፉ ቀን ከብቱን የፈጀው ያው ደስታ የተባለው በሽታ ነበር፤ ይህም በሽታ ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ የታወጀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፡፡ በቢሾፍቱም እ.ኤ.አ. በ1979 የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ሲጀመር፣ በሬና ላም ማስቀደሙ ለገበሬ አገር ተገቢ ነበር፡፡ ውሻ የሚያክም ክሊኒክ ግን ጥቂት ነው፤ ለውሻው መድን የገዛ ሰውም በሰፈራችን አላውቅም፡፡ ሒሳቡ በሙሉ የሚወድቀው በአንድ ማለዳ፣ በአንድ ቤት ላይ ነው፡፡

ስለዚህ ውሻ ያላችሁ ጓደኞቼ ገንዘቡን ከበሽታው በፊት፣ ጥቂት በጥቂት ብታስቀምጡ፣ ወሰኑንም ከወላጆቻችሁ ጋር ብትነጋገሩበት መልካም ይመስለኛል፡፡ የሐኪም ስልክ ቁጥርም በግድግዳ ላይ ይጻፍ፤ እኛ ያን ዕለት ቁጥሩን ስንፈልግ ግማሽ ሰዓት አልፎብናል፡፡

በቤታችን ክረምቱን በባልዲ ስንቀዳ ከረምን፤ ጣራው የተሠራው በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ነው፡፡ እኔ ሌላ ቡችላ እንዲመጣ ለምኛለሁ፡፡ አባቴ በአንድ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ቀዳዳ አበጅተው በመደርደሪያው ላይ አኖሩት፤ የሦስት ቀን ሕክምና ዋጋ ሲሞላበት ስለ ቡችላው እንነጋገራለን ብለዋል፡፡ ይህን ጽሑፍ ለመጽሔቱ አዘጋጆች በሰጠሁበት ቀን 1,140 ብር ነበረበት፡፡ ከዚያ ውስጥ 200ው የአያቴ ነው፡፡