የልጁም ክንድ ይለካ

ከሀይሌ ጋርመንት አደባባይ አለፍ ብሎ ወዳለ አንድ መድኃኒት ቤት እናቴን ግፊቷን ላስለካ በየሁለት ሳምንቱ እወስዳታለሁ። በቀደም 15 ዓመት የሞላው የእህቴ ልጅ አብሮን ነበር። እናቴ ክንዷ ላይ የተጠመጠመው ሲፈታላት "ለእሱም ለኩለት" አለች። ባለሙያው "እማማ፣ ልጅ ምን ግፊት አለበት ብለው ነው?" አላትና ለካው። 138 በ86።

ልጁ ባለፉት ሁለት ዓመታት ወፍሯል። ቤታችን የመጣ እንግዳ ሁሉ "እሰይ፣ ተመችቶሃል!" ይለዋል። እኛ የምንደነግጠው ልጅ ሲከሳ ነው፤ "ምነው፣ አመመው?" እንላለን። ረሃብን ያየ አገር መክሳትን ቢፈራ አይፈረድበትም። ግን ክብደት ሲጨምር ልብ የምትገፋው ደም ይበዛል፣ ኩላሊትም ጨውን ከሽንት ጋር ከማስወጣት ይልቅ በሰውነት ውስጥ ያስቀረዋል። ልጁ ራሱን አላመመውም፣ አላዞረውም። እናቴ "ለኩለት" ባትል ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

እህቴ የዚያኑ ዕለት እራት ልትከለክለው፣ ነጭ ሽንኩርት ልታስውጠው ተነሳች። ለምኜ አስቆምኳት። ጤና ጣቢያ ያገኘናት ነርስ አምስት ደቂቃ ዝም ብሎ እንዲቀመጥ አደረገች፤ ጀርባው ተደግፎ፣ እግሩ መሬት ነክቶ። ከዚያ ለክንዱ የሚበቃ ሰፋ ያለ መጠምጠሚያ ፈልጋ አመጣች፤ ጠባቡ ቁጥሩን ከፍ አድርጎ ያሳያል አለችን። በሌሎች ሁለት ቀናትም ቀጠረችን። 132 በ82፣ 134 በ84፣ 131 በ82። ከ13 ዓመት ጀምሮ ላለ ልጅ በሦስት የተለያዩ ቀናት 130 በ80ና ከዚያ በላይ ከታየ ደም ግፊት ነው። በልጅ ላይ የኩላሊት በሽታ ከጀርባው ሊኖር ስለሚችል ሽንቱም ተመረመረ፤ ደህና ነው።

የተረፈን ክብደቱና ጨው ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. በአገራችን ከ15 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የተደረገው አገር አቀፍ ጥናት አንድ ሰው በቀን በአማካይ 8.3 ግራም ጨው እንደሚበላ አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት ግን ከ5 ግራም በታች ይሁን ይላል፤ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ያነሰ ማለት ነው። የኛ ልጅ ደግሞ ከትምህርት ቤት ሲወጣ የታክሲ ሰልፉ አጠገብ ጨውና ሚጥሚጣ የተነሰነሰበት ድንች ጥብስ በለስላሳ ያወራርዳል። ጓደኞቹም እንደዚያው ናቸው። እነሱን ማን ለካቸው? ትምህርት ቤቶች በመስከረም ሲመዘግቡ ክንድ መለካት ይቸግራቸዋል ብዬ አላምንም።

አንድ ነገር ግን አደራ እላለሁ። ልጁን "ወፍራሙ" እያላችሁ አትጥሩት። የኛ ቤት ሁሉም ጨው ቀነሰ እንጂ እሱ ብቻውን የተለየ ሳህን አልቀረበለትም። እህቴም አብራው ትራመዳለች።

ነርሷ በቀን 60 ደቂቃ ይሩጥ፣ ይጫወት ብላለች። የት? በኮንዶሚኒየማችን ብሎኮች መካከል ያለችው ሜዳ መኪና ማቆሚያ ከሆነች ቆይታለች፤ ኳስ መስታወት ከነካ ጠብ ነው። የኔም መኪና እዚያው ነው የሚያድረው። ከ10 ሰዓት እስከ 12 ሰዓት ለልጆቹ ብትለቀቅ ማንም አይጎዳም። እሁድ የነዋሪዎች ስብሰባ አለ፤ ይህንኑ አነሳለሁ፣ የኔን መኪና ግን ከዛሬ ጀምሮ አውጥቻለሁ።