ቆስጣው ከየት መጣ?

በሁዳዴ ጾም መካኒሳ ውስጥ እንደ ቆስጣ የሚሸጥ ነገር የለም ብል ብዙ አልሳሳትም። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ ጀምሮ እስከ ጀርመን አደባባይ በየጥጉ ማዳበሪያ ላይ ተዘርግቶ፣ ውኃ ተረጭቶበት፣ በእስር በእስሩ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ገዢውም ዋጋ ይጠይቃል፣ ይከራከራል፣ «መርቂልኝ» ይላል፣ ይዞ ይሄዳል። ቆስጣው የት እንደበቀለ ሲጠይቅ የሰማሁት ሰው ግን አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የእህቴ ልጅ ነው።

ልጁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። የሚማረው አካውንቲንግ ነው፤ የሚወደው ግን ወጥ መሥራት። አዲስ አበቤ ስለሆነ ዶርም የለውም፣ ከቤት ነው የሚመላለሰው። ከክፍለ ሀገር የመጡት ጓደኞቹ ደግሞ አብዛኞቹ የግቢውን ምግብ ትተው ብሩን በእጃቸው የሚቀበሉ፣ በተማሪ አነጋገር «ነን ካፌ» ናቸው። መንግሥት ለአንድ ተማሪ የቀን ምግብ 15 ብር ይመድብ የነበረበት ዘመን ረጅም ነበር፤ ኋላ 22 ሆነ፣ ከዚያም 100 ብር ደረሰ። ዛሬ 100 ብር ይዞ ምግብ ቤት የገባ ሰው በልቶ ይውጣ፣ የዋጋ ዝርዝር አንብቦ ይውጣ እናንተው ፍረዱ። እነዚህ ልጆች ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ያዋጡና እህቴ ቤት ይመጣሉ። የእህቴ ልጅ ይሠራል፤ የመጣው ሁሉ ጠግቦ ይሄዳል፣ የተረፈውም በሳህን ተቋጥሮ ዶርም ይገባል።

ሙያውን ልመስክር። ቁሌት አያጣድፍም። ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በዝግታ ያበስለዋል፤ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውኃ ጣል ያደርግበታል፤ ዘይትና በርበሬ የሚገቡት ሽንኩርቱ ቅርጹን አጥቶ ሲልም ነው። መከለሻውን ራሱ ነው የሚያስፈጨው። ቆስጣ ሲሠራ ግንዱን ከቅጠሉ ለይቶ ቀድሞ ይጥደዋል፤ ቅጠሉን ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚጨምረው፣ አረንጓዴነቱ እንዳይጠፋ። እናቱ አስተማረችው እንዳልል፣ እሷ ግንድና ቅጠሉን አንድ ላይ ነው የምትቀቅለው።

ጎረቤት ታዲያ ዝም አላለም። «ወንድ ልጅ ማጀት ለማጀት ምን ያንከላውሰዋል?» ያሉ አሉ። ለእነሱ የምመልሰው ከፎገራ ነው። ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. እዚያው ፎገራ፣ ደቡብ ጎንደር ውስጥ የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ወንዱ እንጀራ ሲጋግር ሴቷ ስታርስ ቆይቷል። አውራ አምባን የማደንቀው ለእኩልነቱ ብቻ አይደለም። እዚያ ወጥ የሚሠራው እጅና ማሳ ውስጥ የሚውለው እጅ አንድ ነው። እኛ ከተሜዎች የተለያየነው እዚህ ላይ ነው። የሚያበስለው የሚበቅልበትን አያይም፣ የሚያበቅለው የሚበላውን አያውቅም።

የእህቴን ልጅ ከማጀት ወደ ማሳ የወሰደው ይኸው መለያየት ነው። አሁን በሒሳብ ደብተሩ የመጨረሻ ገጾች ላይ የያዘው ዕቅድ አለ፤ «የጋራ ጓሮ» ይለዋል። የሰፈሩ ሰው አንድ ቁራሽ መሬት ይዞ በደቦ ይተክላል፣ የየቤቱ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ ብስባሽ ይሆናል፣ ምርቱ ለየቤቱ ይከፋፈላል፣ በወር አንድ ቀን ደግሞ እዚያው ማሳው ዳር ድስት ተጥዶ አብሮ ይበላል። የሒሳብ ተማሪ ነውና ገቢና ወጪውን አስልቷል። የዘሩን፣ የመኮትኮቻውን፣ የውኃ ማጠጫውን ጎማ ሁሉ ጽፏል። መሬቱን የጻፈበት መስመር ግን ባዶ ነው።

እኔ የምለው፣ ይህ ልጅ አዲስ ነገር አላለመም። ያለመው ነገር ከቤታቸው ቁልቁል በእግር የሚደረስበት ቦታ ላይ እሱ ከመወለዱ በፊት ጀምሮ አለ። ትንሹ አቃቂ ዳር ያለው የአትክልት ማሳ ነው። በደርግ ዘመን የመካኒሳ፣ ፉሪና ሳሪስ አትክልት አምራቾች በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅተው ነበር። ኋላ በተባበሩት መንግሥታት የሰፈራ ድርጅት ያገለገሉት አክሱማዊት ገብረእግዚአብሔር ማኅበሩን አጥንተው ጽፈውበታል፤ ጽሑፋቸውም እ.ኤ.አ. በ1994 ካናዳ ውስጥ በታተመ የከተማ ግብርና መጽሐፍ ወጥቷል። የጥናቱ ነገር ቀላል ነው። ማኅበርተኞቹ ያመረቱትን መጀመሪያ ራሳቸው ይበላሉ፣ ለአትክልት ያወጡት የነበረውን ብር ያተርፋሉ፣ የቀረውን ለከተማው ይሸጣሉ። የዓለም የከተማ ግብርና ተመራማሪዎች ስለ መካኒሳ ጎመን ሲያነቡ እኛ መካኒሳዎች ስለ መካኒሳ የምናወራው የኮንዶሚኒየም ኪራይ ነው።

ችግሩ ውኃው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ከተማ ግብርና በየስብሰባው ሲወራ ቶሎ የሚታለፈው ይህ ነው።

ትንሹ አቃቂ መካኒሳ ሲደርስ በከተማው መሐል አልፎ ነው። ከፍሳሽ መስመር ጋር ያልተገጠመ የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የፋብሪካ ዝቃጭ፣ የቄራ እጣቢ፣ ሁሉንም እየተቀበለ ይወርዳል። ቆዳ የሚለፋበት ክሮሚየም ወንዝ ውስጥ ከገባ በኋላ አይጠፋም፤ አፈር ውስጥ ይቀመጣል። የላፍቶ ጥቁር መረሬ አፈር ደግሞ የያዘውን ቶሎ አይለቅም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ፍስሐ ኢታና እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ አዲስ አበባ ውስጥ የሚበቅሉ ቅጠላ ቅጠሎች የከባድ ብረት ይዘታቸው አሳሳቢ መሆኑን አሳይተዋል። ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ ብረት ይሰበስባሉ። ወጥ ሠሪ ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል።

ምክንያቱም ወጥ ሠሪው በሁለት ዓይነት ጠላት መካከል መለየት አለበት። አንዱ አሜባው፣ ጃርዲያው፣ የወስፋት እንቁላሉ ነው፤ እሱ በእሳት ይሞታል፣ ስለዚህ የበሰለ ቆስጣ ከዚህ ነጻ ነው፣ ጥሬ ሰላጣ ግን አይደለም። ሌላው ክሮሚየሙ፣ ካድሚየሙ፣ እርሳሱ ነው፤ እሱን እሳትም አይገድለው፣ ሎሚና አቼቶም አያስለቅቀው። ከሥሩ ጠጥቶ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባው ነውና እጥበት አይደርስበትም። እህቴ ቆስጣ ከመሥራቷ በፊት አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፋ «አሁን ንጹሕ ነው» ትላለች። አልከራከራትም፤ ቢያንስ የመጀመሪያውን ጠላት ትቀንሰዋለች፤ የሚገድልላት ግን እሳቱ ነው። ሌላም ነገር አለ። የሚጾመው ሰው ነው በዓመት ውስጥ ከማንም በላይ ቅጠል የሚበላው። ስለዚህ የወንዙ ጉዳይ የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ከሥጋና ከወተት ተከልክሎ በጎመንና በቆስጣ የሚያድረው ምእመን ሁሉ ጉዳይ ነው።

ገበሬውን ግን አትውቀሱት። ወንዙን ያቆሸሸው እሱ አይደለም። ንጹሕ ውኃ ቢያገኝ በቆሻሻ የሚያጠጣ ሰው አላየሁም። የቧንቧ ውኃ እኛም በፈረቃ ነው የምናገኘው፣ ማሳ የሚጠጣ ከየት ይምጣ?

ተማሪና እርሻ በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ እንግዳ ጥንዶች አይደሉም። የካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ተማሪዎች አብዛኞቹ ሞፈር ጨብጠው አያውቁም ነበር። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1967 ዓ.ም.፣ ወደ 60,000 የሚሆኑ ተማሪዎችና መምህራን በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ተላኩ፤ የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ታወጀ፣ ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ የከተማው ተከተለ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኩባ የተላኩት የኢትዮጵያ ልጆችም በወጣቶች ደሴት ግማሹን ቀን ይማሩ፣ ግማሹን ቀን የብርቱካን እርሻ ውስጥ ይሠሩ ነበር። ያቺው ኩባ የሶቪየት ኅብረት ሲፈርስ ነዳጁም ማዳበሪያውም ቀርቶባት ሃቫና መሐል ክፍት ቦታውን ሁሉ የአትክልት መደብ አደረገችው። ከተሜ ሲርበው ወደ አፈር ይመለሳል። የእኛ ልጅ ግን ሳይርበው፣ ወጥ ስለጣመው ብቻ መመለስ መፈለጉ ለእኔ ከዘመቻው ሁሉ የተሻለ ምክንያት ነው። መፈክር አልያዘም፤ የጨበጠው ጭልፋ ነው።

ያ ትውልድ መሬቱን ለራሱ አልጠየቀም። የዛሬው ልጅ የሚጠይቀው ለሰፈሩ ነው፣ የሚጠይቀውም ከተማ ውስጥ ነው፤ ከተማ ውስጥ ደግሞ መሬት በሊዝ ነው። አዋጅ ቁጥር 721/2004 ሲወጣ ጎመን ከሕንፃ ጋር ጨረታ እንድትገባ አላሰበም ይሆናል፤ ግን ያደረገው ያንን ነው። መካኒሳ ላይ የአንድ ካሬ መሬት ዋጋ በሚጠራበት ቦታ ማንም ጎመን ተካይ እጁን አያነሳም። ወንዝ ዳር ያሉት አትክልተኞች በእጃቸው ያለው ዕድሜ ልክ ላብ እንጂ ካርታ አይደለም። የካቲት 2011 ዓ.ም. 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻ የሚያለማው፣ 29 ቢሊዮን ብር የተገመተለት ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ሲጀመር ደስ ብሎኛል፤ ወንዙ ይጸዳል ማለት ነውና። ያልገባኝ፣ በዳርቻው ሣርና አበባ ሲተከል ቆስጣው ለምን ከጌጥ እንደማይቆጠር ነው። ተደርድሮ የበቀለ ቆስጣና ቀይ ሥር ላይ ጸሐይ ሲወጣ አይታችሁ ከሆነ ታውቁታላችሁ።

በ2015 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ የሌማት ትሩፋት ከታወጀ ወዲህ ከተማው ውስጥ ዶሮ፣ እንቁላል፣ የጓሮ አትክልት በየወረዳው ይቆጠራል። መቆጠሩ መልካም ነው፤ ግን የምናየው በየግቢው በየበረንዳው የተደረገ የየራስ ሥራ ነው። አዲስ አበባ የጎደላት በጋራ የሚታረስ፣ ውኃው የተመረመረ፣ ወረቀት ያለው መሬት ነው። አትክልት ተራን እንኳ ብታዩ፣ ከፒያሳ በ2012 ዓ.ም. ወደ ጃንሜዳ፣ ከዚያ በ2013 ዓ.ም. ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር ገበያው ወደ ክፍለ ከተማችን መጣ። ከዝዋይና ከመቂ የተጫነው ቲማቲምና ሽንኩርት በእኛ በር አጠገብ ይራገፋል። አምራቹ ከሩቅ መጥቶ እዚህ ሲሸጥ፣ የእዚሁ አምራች ማሳ ሲጠብ ማየት ግራ ያጋባል።

ለእህቴ ልጅ የሰጠሁት ምክር አዲስ መሬት መጠየቁን ትቶ አሮጌዎቹን አትክልተኞች እንዲጠጋ ነው። እነሱ እያረጁ ነው፤ ልጆቻቸው ማሳውን የሚፈልጉ አይመስሉም። እሱ ጉልበት ያላቸው ጓደኞች አሉት። ሁለታችን ወርደን አንድ አዛውንት አነጋገርን። ዕቅዱን ከደብተሩ እያነበበ ነገራቸው፤ መኮትኮታቸውን ሳያቆሙ ሰሙት።

«አባባ፣ እርስዎ ቢፈቅዱ ከጓደኞቼ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ እንመጣለን» አላቸው።

«በበጋ ሁሉም ገበሬ ነው ልጄ» አሉት። «ክረምት ወንዙ ሞልቶ መደቡን ጠርጎት ሲሄድ ናና አብረን እንመልሰው። ሰላጣ እንዳትተክል ግን፤ እኔም ትቼዋለሁ።»

ለምን እንደተዉት አልጠየቅናቸውም፤ ውኃው ከጎናችን ነበርና ሽታው ነግሮናል። ወደ ቤት ስንመለስ ልጁ ከዕቅዱ ላይ ሰላጣውን ሰረዘ፣ ጥቅል ጎመን ጻፈ፣ ከሁሉም በላይ «የውኃና የአፈር ምርመራ» የሚል መስመር ጨመረ። ክረምት ዩኒቨርሲቲ ዝግ ነው፣ ስለዚህ ምክንያት የለውም። ቦት ጫማውን እኔ ልገዛለት ቃል ገብቻለሁ። የላቦራቶሪውን ወጪ ነን ካፌዎቹ ያዋጡት ወይስ የከተማ ግብርናው ኮሚሽን ይሸፍነው የሚለው ገና አልተቋጨም። ለኮሚሽኑ የሚጻፈውን ደብዳቤ እያረቀቀ ነው፤ እኔ የማርመው ፊደሉን ብቻ ነው።