ቤት የሚገዛው ማን ነው?



በአዲስ አበባ ዛሬ ሁለት ወጣቶች ለኒካሕ ሲተጫጩ ከመህሩ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ ስለ ቤት ነው። የልጅቷ ወላጆች «ለመሆኑ ቤት አለው ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የልጁ ወላጆችም «ትንሽ ይጠራቀምና» እያሉ ኒካሑን ከዓመት ወደ ዓመት ያሸጋግሩታል። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አይደለም፤ ቤት ከመጠለያነቱም በላይ ለቤተሰብ ሰትር ነውና። ይሁን እንጂ ወላጆች በዚህ ከተማ ቤት የሚገዛው ማን እንደሆነ ጠጋ ብለው ቢመለከቱ ብዙ ልጆችን ከማይገባቸው ወቀሳ ባዳኑ ነበር። የዚህ ወር ዓምዳችን የሚያተኩረው በዚሁ ጉዳይ ላይ ነው።

ነገሩን በምሳሌ እንየው። ዋጋው 6 ሚሊዮን ብር የሆነ ቤት አለ እንበል። ገዢው 30 በመቶውን፣ ማለትም 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር በቅድሚያ ከፍሎ የቀረውን 4 ሚሊዮን 200 ሺህ ብር በ15 ዓመት ለመጨረስ ተዋዋለ። ወለድም ሆነ ትርፍ ሳይታሰብበት ዋናው ገንዘብ ብቻ ለ180 ወራት ሲካፈል በየወሩ 23,333 ብር ይደርሳል። መንግሥት በ2018 ዓ.ም. መግቢያ ባደረገው የደመወዝ ማሻሻያ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ የሚያገኘው ደመወዝ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። እንግዲህ ባልና ሚስት ሁለቱም ጀማሪ ምሩቃን ቢሆኑ፣ ግብርና ጡረታ ባይቆረጥባቸው፣ እህል ባይቀምሱ፣ ታክሲም ባይሳፈሩ የሁለቱ ደመወዝ ተደምሮ 23,000 ብር ነው። ለወሩ ክፍያ 333 ብር ይጎድላቸዋል። ያ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ብር ከየት ይምጣ የሚለውን ገና አላነሳንም።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር ነው። ዛሬ ቤት የሚገዛው ደመወዝ ሳይሆን አስቀድሞ የተከማቸ ጥሪት ነው። ንግዱ የሰመረለት፣ ከወላጅ የወረሰ፣ ወይም ውጭ አገር ሆኖ ገንዘብ የሚልክ ዘመድ ያለው ይገዛል። ተግቶ የሚሠራና የማያባክን ሰው ግን ጥሪት ከሌለው ከበሩ ውጭ ይቀራል። ድክመቱ የእርሱ ብቻ አይደለም።

ይህ ሁኔታ በአንድ ጀምበር የመጣ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን ወደ መንግሥት ካዞረ በኋላ ብዙ ቤተሰብ በአነስተኛ ኪራይ በቀበሌ ቤት ኖሯል። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ የሚደነግግ አዋጅ ወጣ። በሊዝ ጨረታ ደግሞ ቦታውን የሚወስደው የተሻለ ገንዘብ ያቀረበ ነው። ጥሪት የሌለው ሰው ተስፋውን የጣለው በጋራ መኖሪያ ቤት፣ ማለትም በኮንዶሚኒየም ላይ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ከ450 ሺህ በላይ ሰው ተመዘገበ፤ በ2005 ዓ.ም. ሁለተኛ ምዝገባ ተካሄደ። በዚህኛው ምዝገባ በ20/80 ለባለ አንድ መኝታ በወር 274 ብር፣ ለባለ ሦስት መኝታ 685 ብር ይቆጠብ ነበር። ሕዝቡ ከጉሮሮው እየቀነሰ ቆጠበ፤ ቤቱ ግን የቆጣቢውን ያህል አልደረሰም። በ40/60 ደግሞ ሙሉውን ዋጋ አስቀድሞ የከፈለ ቅድሚያ ተሰጠው። ቀስ በቀስ ለሚቆጥብ ሰው በታሰበው መንገድ ላይ ሳይቀር ጥሪት ያለው ቀደመ ማለት ነው። ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ለ25,491 ቤቶች የወጣው ዕጣም በመረጃው ላይ ማጭበርበር ተገኝቶ ተሰረዘ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዶላር ያለው ሰው በያዘው ገንዘብ ብዙ ብር ሲያገኝ፣ ብር የሚቆጥበው ከኋላ ቀረ።

በሙስሊሙ ቤተሰብ ላይ ሌላም ሸክም አለ። ኮንዶሚኒየም የደረሰው ሰው ቀሪውን ዋጋ የሚከፍለው በወለድ በሚሰጥ የባንክ ብድር ነበር። ሪባ በቁርኣን በግልጽ የተከለከለ በመሆኑ ዕጣው ለወጣላቸው ሙስሊሞች ደስታውና ጭንቀቱ በአንድ ቀን መጣ። ከዘመድ ተበድሮና ወርቅ ሸጦ በአንዴ መክፈል የቻለ ከሪባ ተረፈ፤ ያልቻለ በቤቱና በዲኑ መካከል ተጨነቀ። አልሐምዱሊላህ፣ በ2004 ዓ.ም. ባንኮች ከወለድ ነፃ አገልግሎት በመስኮት እንዲሰጡ ተፈቀደ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ ሥራ ጀመረ፤ ሌሎችም ተከተሉ።

ነገር ግን ከወለድ ነፃ ማለት ከዋጋ ነፃ ማለት አይደለም። በሙራበሐ ባንኩ ቤቱን ራሱ ገዝቶ ትርፉን ጨምሮ በታወቀ ዋጋ ይሸጥልናል። በሙሻረካ ደግሞ ቤቱን ከባንኩ ጋር በጋራ ገዝተን የባንኩን ድርሻ ቀስ በቀስ እንገዛለን። ሁለቱም ሐላል የሆነ መንገድ ለመክፈት የተዘጋጁ ናቸው፤ የወር ገቢያችንን ግን አያሳድጉትም። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለት ምሩቃን በዚህም በር አይገቡም። የሚገባም ሰው ከመፈረሙ በፊት ሦስት ነገሮችን ይጠይቅ። ባንኩ ቤቱን ለእኛ ከመሸጡ በፊት በእርግጥ የራሱ አድርጎታል ወይ? ጠቅላላው ዋጋ ታውቆ በውሉ ላይ ሰፍሯል ወይ? ክፍያ ቢዘገይ ምን ይደረጋል፣ ቅጣት ካለስ ገንዘቡ ወዴት ይሄዳል? መልሱ ካልገባን የምናምነውን ዓሊም ይዘን እንመለስ።

ታዲያ ቤተሰብ ምን ያድርግ? ቤት የሚገዛው ጥሪት ከሆነ፣ የብዙዎቻችን ጥሪት ያለው በአንድ ሰው እጅ ሳይሆን በወንድማማቾችና በእህትማማቾች እጅ ተበታትኖ ነው። ስለዚህ መሰብሰቡ መልካም ነው፤ ግን ይጻፍ! ከቁርኣን አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ በሱረቱል በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ስለ ምስክር የሚናገር መሆኑን አንርሳ። በሳዑዲ፣ በዱባይና በቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ለዓመታት ገንዘብ የላከች እህት ስትመለስ ቤቱ በወንድሟ ስም ተሠርቶ የምታገኝበት ጊዜ አለ። ወንድም «ለቤተሰቡ ነው» ይላል፤ እርሷ ግን የላብዋ ማስረጃ የላትም። የስንት ቤተሰብ ዝምድና በዚህ ተበጠሰ! ማን ስንት እንዳዋጣ፣ ገንዘቡ ስጦታ፣ ብድር ወይም ድርሻ መሆኑ በወረቀት ላይ ሰፍሮ ምስክር ይፈርምበት፤ ስሟም በውሉ ላይ ይግባ። መጻፍ አለመተማመን አይደለም፤ መተማመኑ እንዲቆይ ነው።

የውርስ ቤትም እንዲሁ ነው። አባት ከሞተ በኋላ ለዓመታት ሳይከፋፈል፣ ኪራዩን አንዱ ልጅ ብቻ እየበላ የሚቆይ ቤት ጥቂት አይደለም። በሱረቱ አን-ኒሳእ ድርሻቸው የተነገረላቸው ሴቶች ልጆች «ነገ እናያለን» እየተባሉ ያረጃሉ። ለአንዲት እህት ያ ድርሻ በሕይወቷ የምታገኘው ብቸኛ የቤት መነሻ ሊሆን ይችላል።

ለሚከራየውም ጥቂት እንበል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ተከራይ ይህን ይወቅ። አከራይ ወንድማችንም ይወቀው፤ አስገድዶት ብቻ ሳይሆን አላህን ፈርቶ። ቤት የሰጠው ጌታ በዚያ ቤት ውስጥ ስላለው ጎረቤቱም ይጠይቀዋልና።

የልጆቻችንን ኒካሕ በተመለከተ ደግሞ፣ ለወላጆች የምንለው አጭር ነው። «ቤት አለው ወይ?» ከሚለው ጥያቄ በፊት «ሶላቱ እንዴት ነው? ጸባዩስ? አማና ይጠብቃል ወይ? ሠርቶ ያድራል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። በኪራይ ቤት የተጀመረ ትዳር የጎደለ ትዳር አይደለም። የቤት ዋጋ እስኪወርድ ልጆቻችንን እናቆይ ካልን ግን የምናቆያቸው እስከ መቼ እንደሆነ ከላይ ያለው ሒሳብ ይነግረናል።

አላህ ለቤት አልባዎቻችን ከሐላል የተገኘ መጠለያ፣ ቤት ለሰጣቸው ርኅራኄ፣ ለሁላችንም በረካ ይስጠን። አሚን።