የወረቀት አንበሳ

ለዛሬ ጥያቄ ይዘን መጥተናል። በየቀኑ የምትሳፈሩበት የከተማ አውቶቡስ በአንድ ጎኑ ስንት መስኮት አለው? ከፊተኛው በር እስከ ፊተኛው ጎማ ያለው ርቀት ስንት ክንድ ይሆናል? ቢጫው ቀለም የሚያልቀውና ቀዩ የሚጀምረው የት ላይ ነው? «እኔ ቁጥሩን አይቼ እገባለሁ፣ ወንበር ካገኘሁ እቀመጣለሁ፣ ኪሴን ይዤ እወርዳለሁ፤ ሌላው ምን አገባኝ!» የምትሉ ብዙ እንደምትሆኑ እንገምታለን። አይፈረድባችሁም። አውቶቡስ በኛ ከተማ ይያዛል እንጂ አይታይም።

እነዚህን ጥያቄዎች ሳይመልስ አንድ እርምጃ መራመድ የማይችል ሰው ግን አለ፤ አውቶቡስን ከወረቀት የሚሠራ ሰው። መቀስ፣ ማስመሪያ፣ ምላጭ፣ ኮላና ትንሽ ወፈር ያለ ወረቀት ይዞ ያንን ቀይና ቢጫ ግዙፍ ነገር መዳፉ ላይ የሚያቆም ሰው። ሰፈር ውስጥ ካያችሁት «ሥራ ፈት» ትሉት ይሆናል። እኛ ግን ዛሬ ጠበቃው ልንሆን ነው።

አቋማችን አጭር ነው። የከተማ አውቶቡስን በወረቀት መሥራት ከጊዜ ማሳለፊያነት ያልፋል። አዲስ አበባን በመሰለች፣ እያፈረሰች በምትሠራ ከተማ ውስጥ፣ በኪሳችን አቅም ልንይዘው የምንችለው መዝገብ ነው። መዝገብ ከሆነ ደግሞ መዋሸት የለበትም። ሁለቱንም በየተራ እናያቸዋለን።

ሥራው ምን ይመስላል?

በመጀመሪያ ልኬት አለ። አንድ መደበኛ የከተማ አውቶቡስ 12 ሜትር ያህል ይረዝማል፤ ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ወደ 3 ሜትር ነው። ሃምሳ ጊዜ ስናሳንሰው ርዝመቱ 24 ሳንቲሜትር፣ ወርዱ 5፣ ቁመቱ 6 ይሆናል። አሁን ይህንን ኤፎር በምንለው ወረቀት ላይ ዘርጉት። ወረቀቱ በቁመቱ 29.7፣ በወርዱ 21 ሳንቲሜትር ነው። ሁለቱ ጎኖችና ጣሪያው ጎን ለጎን ሲደመሩ 17 ሳንቲሜትር ስለሚሆኑ ይገባሉ። ወለሉን ስትጨምሩ ግን 22 ይሆንና አንዷ ሳንቲሜትር ታስቀራችኋለች። ስለዚህ ወለሉ፣ ፊቱና ጀርባው ወደ ሁለተኛው ወረቀት ይሻገራሉ። መሐሉ ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈው ረጅሙ አውቶቡስማ 18 ሜትር ስለሆነ ሲያንስም 36 ሳንቲሜትር ነው፤ ለሁለት ተከፍሎ ይሠራና መጋጠሚያው በታጠፈ ወረቀት ይያያዛል። ይህች ሒሳብ የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ ናት። ክፍል ውስጥ ስንማራት ግን መስኮትና ጎማ አልነበራትም።

የፋብሪካ ንድፍ የሌለው ሰው ልኬቱን ከየት ያመጣል? ከጎማው ነው። የትልቅ አውቶቡስ ጎማ ከዳር እስከ ዳር 1 ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ቆሞ ሳለ ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊት፣ ሳያዘነብሉ ፎቶ ማንሳት፤ ከዚያ ፎቶው ላይ ጎማውን መለካት፤ ከዚያ በሩ የጎማው ስንት እጥፍ እንደሆነ፣ መስኮቱ ስንት እንደሆነ መቁጠር። ጎማው ራሱ ወረቀቱ ላይ 2 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ የድሮዋ አምስት ሳንቲም ቤታችሁ ካለች በዙሪያዋ አስምሩ። (በመጨረሻ አንድ ነገር ልትገዛልን ነው ማለት ነው!)

ፎቶ ማንሳቱ ላይ «ለምንድን ነው የምታነሱት?» የሚል ሰው ከተፍ ማለቱ አይቀርም። «ከወረቀት ልንሠራው ነው» ማለት እውነተኛው መልስ ቢሆንም ከመልሶች ሁሉ የማይታመነው እሱ ነው። አስፈቅዶ ማንሳት ይሻላል፤ ሹፌሮች ደግሞ ምክንያቱን ሲሰሙ ራሳቸው «ይቺን ነገር አትርሱ» ማለት ይጀምራሉ።

ቀሪው የእጅ ሥራ ነው። ተራው 80 ግራም ወረቀት ይልፈሰፈሳል፤ ከ160 እስከ 200 ግራም ያለው ይሻላል። መታጠፊያው መስመር ላይ ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ በማስመሪያ ተጭኖ ማስመር፤ ያኔ ወረቀቱ በታዘዘበት ይታጠፋል። ኮላ ሲበዛ ወረቀቱ ይረጥብና ይጎብጣል፤ ስለዚህ በስንጥር ጫፍ ትንሽ በትንሹ። የተቆረጠው ጠርዝ ነጭ ሆኖ እንዳያስቀይም በቀለም ማስነካት። ጎማው ከተደራረበ ካርቶን፣ የጎማው ዘንግ ከስቴኪኒ፣ መስታወቱ ደብተር ከምንሸፍንበት ላስቲክ። ሁለት ሦስት ምሽት ይፈጃል። ሲያልቅ ለእያንዳንዱ መስኮት ስም ልታወጡለት ምንም አይቀራችሁም። ማየት ማለት ይሄ ነው።

የድሃ ጥበብ ነው፤ አናፍርበትም

«ይሄ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለን አይጠፋም። ታሪኩ ግን ሌላ ይላል። በእንግሊዝ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ብረትና እንጨት ለጦርነቱ ሲውል፣ ልጆችና አዋቂዎች በፖስትካርድ መጠን የታተሙ የወረቀት ሞዴሎችን እየቆረጡ ይሠሩ ነበር፤ «ማይክሮሞዴልስ» ይባላሉ። በፖላንድ «ማዊ ሞዴላሽ» የሚባል መጽሔት እ.ኤ.አ. በ1957 ተጀመረ። ስሙ «ትንሹ ሞዴል ሠሪ» ማለት ነው። የፕላስቲክ ሞዴል እንደ ልብ በማይገኝበት አገር ትውልድ ሁሉ በመጽሔቱ ወረቀት አውሮፕላንና መርከብ ሲሠራ አደገ። ወረቀቱ የተመረጠው ሌላው ስለታጣ ነው። ጥበቡ ግን እጦቱ ካለፈም በኋላ ቀረ።

በኢንዶኔዥያ «ቢስማኒያ» የሚባሉ የአውቶቡስ ወዳጆች አሉ፤ አውቶቡስ ሊያዩ መንገድ ዳር የሚሰለፉ፣ የየድርጅቱን ቀለም በቃላቸው የሚያውቁ ናቸው፤ የወረቀት አውቶቡስ መሥራትም እዚያ ሰፊ ነው። በቶኪዮ የከተማው የትራንስፖርት ቢሮ ራሱ የአውቶቡሶቹን የወረቀት ሞዴል አዘጋጅቶ ሕዝቡ አትሞ እንዲቆርጥ በነጻ ሰጥቷል። ልብ በሉ፤ ድርጅቱ ራሱ!

ወደ ቤታችን እንምጣ። እኛስ ከየት ነን? የሽቦ መኪና ነድተን ያደግን ልጆች አይደለንም እንዴ? ሽቦ ተጣሞ አካል፣ ቆርኪ ተበስቶ ጎማ፣ ረጅም ዘንግ ተቀጥሎ መሪ ይሆን ነበር። የሰርዲን ጣሳ የጭነት መኪና ነበር። ጭቃው ደግሞ ላምም በሬም ይሆን ነበር። ማንም ንድፍ አልሰጠንም፤ አይተን ነው የሠራነው። የወረቀት አውቶቡስ የዚያ የሽቦ መኪና ታናሽ ወንድም ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። የሽቦው መኪና «መኪና» ነበር፤ የወረቀቱ ግን «ይህ አውቶቡስ» ነው። ቁጥር አለው፣ መስመር አለው፣ ዘመን አለው።

ለምን አውቶቡስ? ለምን አሁን?

አንበሳ አውቶቡስ ከ1930ዎቹ ጀምሮ ይህችን ከተማ ሲያመላልስ ኖሯል። ንጉሡ ሄዱ፣ ደርግ መጣ፣ ደርግ ሄደ፣ ኢሕአዴግ መጣ፣ ሄደ፤ አንበሳው ከጎኑ አልወረደም። በመሐል ግን አውቶቡሶቹ ራሳቸው ተቀያየሩ። ዳፍ የሚባሉት ነበሩ፤ በኋላ ቢሾፍቱ የተገጣጠሙት መጡ፤ ሸገር ተጨመረ፤ አሁን በኤሌክትሪክ የሚሠሩትም መንገድ ላይ ወጥተዋል። አዲሱ ሲመጣ ደስ ይለናል፤ ሰልፍ ያሳጥራልና። አሮጌው ግን ወዴት ሄደ? ሞተሩ ለአንዱ፣ ጎማው ለሌላው መለዋወጫ ይሆናል፤ አካሉ ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅበት ይከርምና ብረት ሆኖ ይሸጣል። አንድም ሰው አያለቅስለትም።

እኛም አልቅሱ አላልንም። የምንለው ይህ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳ ቤቶች ሲፈርሱ ሰዉ ሁሉ ስልኩን እያወጣ ፎቶ ሊያነሳ ተሯሯጠ። ለሕንፃ ቢያንስ ተሯሯጥን። ከሕንፃው ደጃፍ የሚያወርደን አውቶቡስ ግን የከተማው ትልቁ የጋራ ክፍል ነበር። ተማሪው፣ ገበያተኛዋ፣ ጡረተኛው፣ ሌባውም ጭምር በአንድ ጣሪያ ሥር የሚቆሙበት ቤት ነው። ቤቱ ተንቀሳቃሽ ስለሆነ ብቻ ቅርስነቱ አይታየንም። ለንደኖች ያንን ጀርባው ክፍት የሆነ ቀይ ባለ ፎቅ አውቶቡሳቸውን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2005 ከመደበኛ አገልግሎት ሲያወጡት፣ ሙዚየምም ግለሰቦችም እያደሱ አስቀሩት። እኛ ግለሰቦች አውቶቡስ ገዝተን ግቢያችን ውስጥ ማቆም አንችልም። (ግቢውስ የታል?) ሁለት ወረቀት ግን መግዛት እንችላለን።

«ሰልፍ ላይ ቆመን ስለ ወረቀት ታወራላችሁ?»

ይህ ተቃውሞ ከባድ ነው፤ አንሸሸውም። ጠዋት በብርድ ቆሞ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው «ሞዴሉን ተዉትና ዋናውን አምጡልን» ቢለን እውነቱን ነው። የወረቀት አውቶቡስ ማንንም መርካቶ አያደርስም። ግን እስኪ እናስብ፤ አንድን ነገር በደንብ ያየ ሰው ስለዚያ ነገር ዝም ይላል? የበሩን ደረጃ ከፍታ ለክቶ ወረቀት ላይ ያሰፈረ ልጅ፣ አያቱ ለምን ለመሳፈር እንደሚቸገሩ በቁጥር ያውቃል። ወንበሮቹን አንድ በአንድ ቆርጦ የለጠፈ ሰው፣ ስንቱ ተቀምጦ ስንቱ እንደሚቆም ማንም አይነግረውም። ቅሬታ ልኬት ሲኖረው ቅሬታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። ስለዚህ የወረቀቱ አውቶቡስ የዋናው ተቃዋሚ ሳይሆን የዋናው ምስክር ነው።

ምስክር ከሆነ ግን አይዋሽ

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥባችን ደረስን፤ ከሞዴል ሠሪዎች ጋር የምንጣላውም እዚህ ላይ ነው። አብዛኛው የወረቀት ሞዴል ንጹሕ ነው። ቀለሙ ያበራል፣ መስታወቱ አልተሰነጠቀም፣ ውስጡ ባዶ ነው። ከፋብሪካ የወጣበት ዕለት ያለውን አውቶቡስ ይመስላል። ያንን አውቶቡስ ደግሞ ማናችንም ተሳፍረንበት አናውቅም!

እኛ የተሳፈርንበት አውቶቡስ የፊት መከላከያው የተጎረደ ነው። አንዱ መስኮት አይከፈትም፣ ሌላው አይዘጋም። አንዱ ጎኑ ተገጭቶ ሲጠገን የተቀባው ቀይ ከሌላው ቀይ ጋር አይመሳሰልም። ጎማው በላይ ጭቃ አለ። ብረቱ ሰው ከያዘበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ ያብረቀርቃል፤ እሱ ብቻውን የስንት ሺህ እጅ ታሪክ ነው። እነዚህን የሚተው ሞዴል የድርጅት ማስታወቂያ ሊሆን ይችላል እንጂ የከተማ መዝገብ አይሆንም። «ግን ያምራል» ትሉን ይሆናል። የሰርግ ፎቶም ያምራል፤ የትዳሩን ታሪክ ግን ከሱ አናነብም።

ስለዚህ ወረቀት ለሚቆርጡ ወዳጆቻችን ልመናችን ይህ ነው። አንድ የተወሰነ አውቶቡስ ምረጡ። የመስመር ቁጥሩን ጻፉ። የሰሌዳ ቁጥሩ ካልተቸገራችሁ ይጨመር። የተጎረደውን ጎርዱት፣ የተሰነጠቀውን ሰንጥቁት። ከሥር፣ ወለሉ ላይ፣ የሠራችሁበትን ቀንና ዓመተ ምሕረት በእስክሪብቶ አስፍሩ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ የሚያገኘው ሰው ከቀለሙ ይልቅ ያቺን ጽሑፍ ይፈልጋታል።

ለሚመለከታቸው ደግሞ ሁለት ነገር እንጠይቃለን፤ ሁለቱም ብዙ ብር አይጠይቁም። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት አውቶቡስ ሙሉ በሙሉ ከአገልግሎት ከመውጣቱ በፊት ከመካከላቸው አንዱ ይትረፍ፤ እሱ እንኳ ባይቻል የአካሉ ልኬትና የአራቱም ጎን ፎቶ ለሕዝብ ይፋ ይሁን። ቶኪዮ ካደረገችው የሚከብድ አይደለም። ሁለተኛ፣ መምህራን ሆይ፣ ሬሾና ስፋት ስታስተምሩ ሰሌዳው ላይ ከምትስሉት ስም የለሽ ሣጥን ይልቅ የሰፈራችሁን አውቶቡስ አዘርጉ። ተማሪው ያቺን አንዷን ትርፍ ሳንቲሜትር የት እንደሚያደርጋት ሲጨነቅ ታያላችሁ።

ድሮ «የወረቀት ነብር» የሚባል ስድብ ነበር፤ ከሩቅ የሚያስፈራ፣ ሲነኩት የሚቀደድ ጠላት ማለት ነው። የወረቀት አንበሳ ግን ሌላ ነው። እሱም ይቀደዳል፤ ዝናብ አይችልም፣ አይጥ አይችልም፣ ታናሽ ወንድም ደግሞ ጭራሽ አይችልም። ሆኖም ብረቱ አንበሳ ቀልጦ ሚስማር ከሆነ በኋላ «በሩ እዚህ ጋ ነበር፤ እናታችሁ በዚህ ገብታ በዚያ ትወርድ ነበር» ብሎ መናገር የሚችለው እሱ ብቻ ሊሆን ይችላል።

መቀሱ ጋ እንገናኝ። እስከዚያው፣ ነገ ስትሳፈሩ መስኮቶቹን ቁጠሩ።