ጤናችን፦ አራስ መጠየቅ ለሚቀጥለውም ልጅ ነው



በአገራችን ሴት ስትወልድ ብቻዋን አትተውም። ጎረቤት «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያለ ይገባል። ገንፎ ይገነፋል። አጥሚት ይሠራል። ዘመድ ከሩቅ መጥቶ ይጠይቃል። ይህ ጥሩ ባህላችን ነው።

አራስ ቤት መግባት ያለባት ሌላም ጠያቂ አለች። እሷም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። የዛሬው ጽሑፋችን ስለ እሷ ነው።

የቤት ለቤት የጤና ሥራ በአገራችን የተጀመረው በ1995 ዓ.ም ነው። በየገጠር ቀበሌው አንድ ጤና ኬላ፣ በየኬላው 2 ሠራተኞች እንዲኖሩ ታቀደ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። ከየአካባቢያቸው ተመርጠው ሠለጠኑና ወደ ሕዝባቸው ተመለሱ።

ከዚያ ወዲህ ለውጥ ታይቷል። በ1992 ዓ.ም በተደረገው ጥናት በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት 49ኙ አንድ ወር ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። በ2008 ዓ.ም በተደረገው ጥናት ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። ይህ የብዙ ሰው ድካም ውጤት ነው። ቤት ለቤት የሚዞሩት ሴቶችም ድካም አለበት።

ሥራው ግን አላለቀም። በዚያው በ2008ቱ ጥናት ከ100 ወላዶች በወለዱ በ2 ቀን ውስጥ ምርመራ ያገኙት 17 ብቻ ነበሩ። 83ቱ አላገኙም። እናትም ሕፃንም ለሞት በጣም የሚጋለጡት ደግሞ በእነዚያ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ስለዚህ አራስ በወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት መታየት አለባት።

ጠያቂዋ ስትመጣ ምን ታያለች? እናቲቱ ብዙ ደም ይፈሳት እንደሆነ፣ ያተኩሳት እንደሆነ፣ ራሷን በጣም ያማት እንደሆነ ትጠይቃለች። ሕፃኑ ጡት ይጠባ እንደሆነ፣ ሰውነቱ ይሞቅ እንደሆነ፣ ትንፋሹ ይፈጥን እንደሆነ ታያለች። እትብቱ ላይ ቅቤ ወይም እበት እንዳይደረግ ትመክራለች። እንገሩም እንዳይጣል ትናገራለች፤ እንገር ለሕፃኑ የመጀመሪያ መድኃኒቱ ነውና።

ታዲያ እናትም ልጅም ደህና ከሆኑስ? ብዙ ቤት «እኛ ደህና ነን፤ ሂጂ ልጄ፣ የታመመ ሰው እዪ» ይባላል። ነገሩ በቅንነት ነው። ነገር ግን እሷ የመጣችው ለተወለደው ልጅ ብቻ አይደለም። ገና ላልተፀነሰውም ልጅ ነው። ይህን በሦስት ነገር እናስረዳ።

አንደኛ፣ የእናት ሰውነት ዕረፍት ይፈልጋል። መሬት እንኳ በየዓመቱ ያለ ዕረፍት ከታረሰ ምርቱ ይቀንሳል። ገበሬ ይህን ከእኛ ይበልጥ ያውቃል። እርግዝናና ማጥባት የእናትን ደምና ጉልበት ይወስዳሉ። ሳታገግም ብታረግዝ ደሟ ሊያንስ ይችላል። ልጁም ያለ ቀኑ ሊወለድ ወይም ቀጭጮ ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ ከወለደች በኋላ ቢያንስ 2 ዓመት ሳይሞላት ባታረግዝ ይመከራል። ሂሳቡን እንሥራ። 2 ዓመት 24 ወር ነው። የእርግዝናው 9 ወር ሲጨመር 33 ወር ይሆናል። በሁለት ልጆች መካከል ወደ 3 ዓመት ይጠጋል ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ «የምታጠባ ሴት አታረግዝም» የሚል ወሬ አለ። ይህ ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው ሦስት ነገሮች አብረው ሲገኙ ነው። ልጁ ከ6 ወር በታች መሆን አለበት። ቀንም ሌሊትም የእናቱን ጡት ብቻ መጥባት አለበት። የወር አበባዋም ያልተመለሰ መሆን አለበት። አንዱ ከጎደለ ልታረግዝ ትችላለች። ከ6 ወር በኋላ የወር አበባ ሳታይም ልታረግዝ ትችላለች። ለምታጠባ እናት የሚስማማውን መከላከያ ጠያቂዋን መጠየቅ ነው እንጂ በወሬ መተማመን አይገባም።

ሦስተኛ፣ ያለፈው ወሊድ ለሚመጣው ምልክት ይሰጣል። ብዙ ደም ፈሶ ነበር? ምጡ ረዝሞ ነበር? በቀዶ ጥገና ነበር? ልጁ ያለ ቀኑ ተወልዶ ነበር? ሞቶ ተወልዶ ነበር? ይህን ለጠያቂዋ ሳይደብቁ መንገር ያስፈልጋል። እሷም በቤተሰብ ማህደር ላይ ትጽፈዋለች። በሚቀጥለው ጊዜ ያቺ እናት ቀድማ ትታያለች፤ የት መውለድ እንዳለባትም ቀድሞ ይታወቃል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው።

የቤት ለቤት ጥየቃ ለሚቀጥለው ወሊድ መጥቀሙ በሌላ አገርም ታይቷል። በአሜሪካ አገር ኤልማይራ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። እዚያ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1978 ጀምሮ ዴቪድ ኦልድስ የሚባል ተመራማሪና ጓደኞቹ አንድ ጥናት ጀመሩ። 400 ነፍሰ ጡር ሴቶች ገቡበት። ለአንዳንዶቹ ነርስ ከእርግዝናቸው ጀምሮ ልጁ 2 ዓመት እስኪሞላው ቤታቸው ድረስ ትሄድ ነበር። ለሌሎቹ አትሄድም ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ ድሃና ባል የሌላቸው እናቶች ተነጻጸሩ። ነርስ ያልሄደችላቸው ሁለተኛ ልጅ የወለዱት በአማካይ በ37 ወር ነበር። ነርስ የሄደችላቸው ግን በ65 ወር ነበር። ነርሷ አላስገደደቻቸውም። ቤታቸው ቁጭ ብላ አዳመጠቻቸው፤ መከረቻቸው፤ ዕቅዱን ራሳቸው አወጡ።

አባወራዎች ሆይ፣ ይህ የሴቶች ጉዳይ ብቻ አይደለም። ጠያቂዋ ስትመጣ ከቤት አትውጡ። አብራችሁ ቁጭ በሉና ስሙ። አማቶችም ቅረቡ። አራሷ ብቻዋን ሰምታ ብቻዋን ልትወስን አትችልምና።

ጠያቂዋ ብትዘገይ ወይም ኬላው ቢዘጋ አትጠብቁ። ደም ከበዛ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይም ሕፃኑ ጡት እንቢ ካለ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ።

አሁን ማንበብና መጻፍ ችላችኋል። ልጅ የተወለደበትን ቀን፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ደብተራችሁ ላይ ጻፉ። ከሥሩ 2 ዓመት ጨምራችሁ ጻፉ። ያ ቀን እስኪደርስ የእናቲቱ የዕረፍት ጊዜ ነው።

በክፍል ውስጥ የምንወያይባቸው ጥያቄዎች፦

1. አራስ በየትኞቹ ቀናት መታየት አለባት?
2. ማጥባት እርግዝናን የሚከላከለው መቼ ነው? ሦስቱንም ጻፉ።
3. በሰፈራችን በዚህ ወር የወለደች ማን ናት? ጠያቂዋ ሄዳላታለች? ካልሄደችላት ለኬላው ማን ይነግርላታል?

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደህና ሰንብቱ።