በምድር ሆድ ስለሚቀረው ውኃ

ይድረስ ለአዲስ አበባ ውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን የበላይ ኃላፊዎች፤

ክቡራን ሆይ፤

ይህች ከተማ በፍል ውኃ ዳር የተቆረቆረች ስትሆን፣ ዕድሜዋ በገፋና ሕዝቧ በበዛ ቍጥር ጥማቷን ለማርካት አስቀድሞ ወደ እንጦጦ ምንጮች፣ ቀጥሎ ወደ ገፈርሳ፣ ከዚያም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ወደ ለገዳዲ፣ በኋላም ወደ ድሬ ግድብና ወደ አቃቂ ጥልቅ ጕድጓዶች እጇን ስትዘረጋ መኖሯ ከእናንተ የተሰወረ አይደለም። ውኃ ባነሰ ጊዜ ሁሉ መልሳችን አንድ ነበረ፤ እርሱም ሌላ ምንጭ መሻት ነው። ይህን ልማድ ልነቅፍ አልተነሣሁም፤ ነገር ግን ግድብ የማይሻ፣ ገበሬ ከርስቱ የማያስነሣ፣ ተጣርቶና በፓምፕ ተገፍቶ ደጃችን አጠገብ የደረሰ አንድ ምንጭ ዘንግተን መኖራችንን ለማሳሰብ ብዕሬን አንሥቻለሁ። ይህም ከተመረተው ሢሶ ያህል እንደሚሆን ዘወትር የሚነገርለት፣ በመንገድ የሚቀረው ውኃ ነው።

እርግጥ ነው፣ ይህ ሢሶ ሁሉ በምድር ሆድ አልሰጠመም። ከፊሉ ሰው ጠጥቶት ሳለ ያረጀ ቆጣሪ ያላየው፣ በስውር በተቀጠለ መስመር የተወሰደ፣ ወይም በንባብ ስሕተት ከመዝገብ የጐደለ ነው። የሥጋና የነፍስ ደዌ በአንድ መድኃኒት እንደማይፈወስ ሁሉ፣ የፈሰሰው ውኃ የቧንቧ ባለሙያ፣ ያልተቈጠረው ደግሞ ሒሳብ ዐዋቂና ዳኛ ይሻልና፣ ሁለቱን በአንድ ላይ «ብክነት» ብሎ ማለፍ ሕክምናውን ማዘግየት ነው።

የፈሰሰውም ቢሆን ዐይን ያታልላል። በአውራ ጐዳና ዋናው መስመር ፈንድቶ ውኃው ወደ ሰማይ ሲወረወር አላፊ አግዳሚው ይጮኻል፣ ሠራተኛ ይደርሳል፣ ቫልቩ ይዘጋል፤ ጥፋቱ ብዙ ቢመስልም ዕድሜው አጭር ነው። ከዋናው መስመር ወደየግቢው በሚገባው የዛገ ቀጭን ቧንቧ ላይ ያለ የ3 ሚሊሜትር ቀዳዳ ግን፣ ግፊቱ 5 ባር ቢሆን፣ በቀን ከ11 ሜትር ኩብ በላይ፣ ይኸውም ከ500 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን የማያንስ ውኃ ይተፋል፤ ማንም ሳያየውም ወሩ በዓመት ይተካል። አባቶች «ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ» ያሉት እንዲህ ላለው ነው።

በእኛ ከተማ ይህን ደዌ የሚያብሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመሬቱ አቀማመጥ ነው፤ ከእንጦጦ ራስ እስከ አቃቂ ሜዳ ያለው ቍልቍለት ከ800 ሜትር ስለሚበልጥና ውኃም በየ10 ሜትሩ 1 ባር ያህል ግፊት ስለሚጨምር፣ መቀነሻ ባልተተከለበት ዝቅተኛ ሰፈር ያረጀው ቧንቧ ከዐቅሙ በላይ ይሸከማል። ሁለተኛው ፈረቃ ነው፤ ቧንቧው በደረቀና በሞላ ቍጥር በአየርና በግፊት እየተናጠ መጋጠሚያው ይላላል፣ በደረቀበትም ሰዓት ውኃ ያወጣው ቀዳዳ ራሱ የውጭውን እድፍ ወደ ውስጥ ይስባል፤ ስለዚህ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የጤናም ነው።

ስውሩ ፍሳሽ የሚታወቀው በሌሊት ነው። አንድ ሰፈር በቫልቭ ተከልሎ በመግቢያው ቆጣሪ ይተከልለታል፤ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት፣ ካህናት ለሰዓታት በሚቆሙበት፣ የቀረው ሕዝብ በሚተኛበት ጊዜ የሚገባው ውኃ አብዛኛው ወደ ምድር የሚሄድ ነውና፣ ባለሙያው ጆሮውን በማዳመጫ ዘንግ ላይ ጥሎ ድምፁን ይከተላል። በእኛ ዘንድ ግን በዚያ ሰዓት ፈረቃዋን የጠበቀች እናት ነቅታ ጀሪካን ትሞላለች፣ የጐረቤቷም ሮቶ ይሞላል፤ ቆጣሪውም ቀዳዳውንና ሮቶውን ሳይለይ ቀላቅሎ ይነግረናል። ከዚህም የተነሣ የሚመረመረው ሰፈር አስቀድሞ ለጥቂት ሳምንታት ውኃ ሳይቋረጥበት መሰንበት አለበት።

ይህ የማይቻል እንዳይመስላችሁ የፕኖም ፔንን ነገር አስቡ። የካምቦዲያ ዋና ከተማ ከጦርነትና ከእልቂት ወጥታ፣ እ.ኤ.አ. በ1993 ኤክ ሶን ቻን የውኃ መሥሪያ ቤቱን ሲረከቡ፣ ከተመረተው ውኃ 72 በመቶው ገቢ የማያስገኝ ነበረ፤ እርሳቸው ግን ለሁሉ ቆጣሪ ተክለው፣ በስውር የተቀጠለውን ቈርጠው፣ የጦር መኰንን እንኳ ሳይቀር ሒሳቡን እንዲከፍል አድርገው፣ ከሃያ ዓመት ባነሰ ጊዜ ከ10 በመቶ በታች አወረዱት።

ስለዚህ የምለምናችሁ ብዙ አይደለም። ከየቅርንጫፉ አንድ አንድ ሰፈር ምረጡ፤ ከልሉት፣ ግፊቱን አርግቡለት፣ ውኃውን አታቋርጡበት፤ በየወሩም ስንት እንደ ገባ፣ ስንት እንደ ተከፈለበት፣ ስንት በምድር እንደ ቀረ፣ ስንትም ሳይቈጠር እንደ ተጠጣ በቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ለጥፉ። ቍጥሩ በመጀመሪያ ቢያሳፍር እንኳ፣ ሕዝብ የሚያማው በተሰወረው እንጂ በተገለጠው አይደለም። ቀጣዩ ግድብ ከመታሰቡ በፊት የዚያ ወረቀት መለጠፍ ይቅደም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የከተማው ነዋሪ