«ድንግል መሬት» የተባለው ሐሰት

ስለ ሠፈራ በአማርኛ በተጻፈና በተነገረ ቁጥር ከብዕር የማይጠፋ አንድ ሐረግ አለ፤ ይኸውም «ድንግል መሬት» የሚለው ነው። ሐረጉ ለጆሮ ያማረ በመሆኑ ብዙ ደራሲ፣ ብዙ ሠዓሊና ብዙ መምህር ሳይመረምር ተቀብሎታል። ይሁን እንጂ ያ ውበት ጸንቶ የሚቆመው በመሬቱ ላይ የሚኖረው ሕዝብ እስካልታየ ድረስ ብቻ ነው።

እንደሚታወቀው በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በድርቅ ከተጎዱት ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ 600 ሺህ ያህል ሰው ወደ ምዕራቡና ወደ ደቡብ ምዕራቡ የአገሪቱ ክፍል ተጓጓዘ። ከ80 ሺህ በላይ የሚሆነው ሠፋሪ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጣውን ጨምሮ፣ በመተከል በበለስ ሸለቆ፣ በፓዊ ዙሪያ እንዲሠፍር ተደረገ። ሸለቆው ለዕቅድ አውጪው ባዶ መስሎ ታየው። ሐቁ ግን ሌላ ነበር። የጉሙዝ ሕዝብ አንዱን ማሳ ለጥቂት ዓመታት ማሽላና ዳጉሳ ከዘራበት በኋላ አሳርፎት ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ያረፈው መሬት ዱር መልሶ ሲለብስ ደግሞ ይመለስበታል። በዱሩ ያድናል፣ ማር ይቆርጣል፣ ሥራ ሥር ይቆፍራል። ያረፈን መሬት ባለቤት የለውም ማለት የተኛን ሰው ሞቷል ብሎ ቤቱን እንደ መውረስ ነው።

ሐረጉ የበደለው ነባሩን ሕዝብ ብቻ ነውን? ሠፋሪውንም በድሎታል። ብዙው ወዶ ሳይሆን ተገዶ የሄደው ደገኛ ገበሬ ያገኘው ወባንና በሬ የሚፈጀውን ገንዲ ነው። በሞፈርና በቀንበር የኮራ ሰው በትራክተር በሚታረስ የጋራ ማሳ ላይ ተቀጣሪ መሰለ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ብዙዎች ወደ ትውልድ ቀያቸው ተመለሱ። የቀሩት ግን ትራክተሩ ከቆመ በኋላ በገዛ እጃቸው እንደገና ጀመሩ። ይህ ሁለተኛው ጅማሬ ከመጀመሪያው የከበረ ሆኖ ሳለ፣ ኪነ ጥበቡ ዓይኑን ከጭነት መኪናውና ከአዲሱ ጎጆ ላይ አላነሣም።

«ረሃብ ሲያጣድፍ ባለቤቱን ለመጠየቅ ጊዜ አልነበረም» የሚሉ ይኖራሉ። ረሃቡ እውነት ነው። ነገር ግን ረሃብ ሰውን ለማጓጓዝ ምክንያት ቢሆን፣ የሌላውን ህልውና ለመካድ ምክንያት አይሆንም። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የሠፈራ ፕሮግራም ሠፋሪው በፈቃዱና በገዛ ክልሉ ውስጥ እንዲሠፍር፣ ተቀባዩም ሕዝብ እንዲመከርበት በመርሕ መደንገጉ የቀድሞው ስሕተት ምን እንደ ነበረ ይመሰክራል። በ2013 ዓ.ም. በመተከል ለፈሰሰው የንጹሐን ደም ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ገዳዩንም ከተጠያቂነት የሚያድነው አንዳችም የለም። ሆኖም «መሬቱ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ መክረሙ ከምክንያቶቹ አንዱ መሆኑን መሸሸግ አይቻልም።

ስለዚህ ከያኒው ሐረጉን ይተው። ጉሙዙን ለጭፈራ ብቻ ወደ መድረክ የሚያወጣ ተውኔት ይብቃ፤ ቆሞ ይናገር፣ ይከራከር፣ ይቆጣም። ሠፋሪውም አመስጋኝ ወይም አልቃሽ ብቻ ሆኖ አይሣል፤ ዘርን ከአዲስ አፈር ጋር ሲያስማማ፣ የጎረቤቱን ቋንቋ ሲማር ይታይ። መምህሩም የበለስን ካርታ በሰሌዳ ላይ ሲነድፍ ከወንዙ ስም አጠገብ የሕዝቡን ስም ይጻፍ። በዚያ ሸለቆ የተወለዱ የሠፋሪ ልጆችና የጉሙዝ ልጆች ነገ አንድ ገበያ ይወርዳሉ፤ አንዱ የሌላውን አመጣጥ በሐሰት ሐረግ ተምሮ ከሄደ ግን በምን ቃል ይነጋገራል?